የታጠበው ሥዕል

ልጇ ቤት ሲገዛ «አንቺስ ምን ታመጫለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

ማቀዝቀዣውን እኔ አመጣለሁ ብላ ታላቅ እህቱ ወሰደች። መጋረጃውን አክስቱ ያዘች። ምንጣፉን የሥራ ባልደረቦቹ ተካፈሉት። ሌላው ቀርቶ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት፣ ያ ሰላምታ እንኳን ሲሰጥ ከኪሱ የሚወጣበት የሚመስለው ሰውዬ፣ የጫማ መጥረጊያ ይዤ እመጣለሁ ብሏል ተባለ። እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ተራዋን ስትጠብቅ ቆየች። ተራ የሚባል ነገር እንዳልተሰጣት ሲገባት ጉሮሮዋን ጠረገችና፣

«እኔስ?» አለች።

ታላቂቱ ልጇ ሳቅ አለች፤ ሰው ለሕፃን የሚስቀውን ሳቅ። «አንቺማ ምንም አታምጪ እማዬ። መጥተሽ ቁጭ በዪልን፣ መርቂን፣ ይበቃናል።»

«ቁጭ ለማለትማ ወንበር ገዝታችሁ የለም እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። እሷ አልቀለደችም ነበር።

ይህች ሴት ፊደል አልቆጠረችም፤ የቆጠረችው አንሶላ ነው። ጉልበት በነበራት ዘመን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ባሏ ሁለት ልጆች ትቶባት ሲሞት ያሳደገቻቸው በዚያው በሳሙና አረፋ ነው። የሥራ ጓደኞቿ «በረኪና» ይሏት ነበር። አንድም የማይለቅ የተባለ እድፍ ሁሉ በእጇ ስለሚለቅ ነው፤ ሁለትም ምላሷ ያረፈበት ነገር ቀለሙ ስለማይመለስ ነው። ጡረታ ስትወጣ ሌላው ሁሉ እዚያው ቀረ፤ ስሙ ግን አብሯት ወጣ። ሰፈር ውስጥ ዛሬም በሌላ ስም የሚያውቃት ቢኖር አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው።

እንግዲህ በረኪና ያን ቀን ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ብቻዋን አወራች። «መርቂን! ምርቃትማ መንገድ ላይ የሚለምነውም ይመርቃል። እኔ እናት ነኝ ወይስ መንገደኛ?» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ምራቷ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ወሬዋ ትንሽ፣ እርምጃዋ ፈጣን የሆነች ልጅ ናት። ባለፈው ሁለቱ አብረው ገበያ ሲወጡ፣ ያቺ እንደ ባቡር የማትቆም ልጅ አንድ የፍሬም ቤት መስኮት ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ሥዕል ነበር። «ምን አየሽ?» ብትላት «ምንም እማዬ፣ እንሂድ» አለች። እግሯ ሄደ፤ አንገቷ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በረኪና ደግሞ ሰው «ምንም» ሲል ያ ምንም ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃለች። ማንም ያላየውን እሷ አይታለች። ማቀዝቀዣ የሚያመጡት አላዩትም፤ መጋረጃ የሚያመጡትም አላዩትም።

በማግስቱ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻርፗን ጣል አድርጋ ሄደች።

ፍሬም ቤቱ ጠባብ ነበር፤ እንጨትና ሙጫ ይሸታል። ከጠረጴዛው ኋላ የነበረችው ሴት ጎልማሳ ናት፤ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ ተለጥፏል፤ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። በረኪና መጀመሪያ ያየችው ያንን ጣት ነው። ‹በዚህ እጅ ነጭ ወረቀት ትነካለች!› አለች በሆዷ።

«ምን ልታዘዝ እማማ?»

«ሥዕል። ለልጄ ቤት።»

ሴትየዋ ከጠረጴዛዋ ወጥታ አበባ አሳየቻት። ፏፏቴ አሳየቻት። የሚጋልቡ ፈረሶች አሳየቻት። «ይቺ ፈረሷ ታምራለች፤ እናቶች ይወዷታል» አለች።

«ፈረሷን እኔ ጭድ አላበላትም። ያ መስኮቱ ላይ ያለው ነው የምፈልገው።»

«ያኛው?» ሴትየዋ ዞር ብላ ሥዕሉን፣ ከዚያ አሮጊቷን፣ ከዚያ እንደገና ሥዕሉን አየች። «እሱ… አብስትራክት የሚባለው ዓይነት ነው እማማ። ምንም ቅርጽ የለውም። ብዙ ሰው አይገባውም።»

አይገባውም! ይህችን ቃል ባትናገር ኖሮ ምናልባት በረኪና ራሷ ለመጨረሻ ጊዜ ታመነታ ነበር። «ለአንቺስ ገብቶሻል?» አለቻት።

ሴትየዋ አልተቀየመችም። «እውነቱን ልንገርዎት? ሁልጊዜ አይገባኝም። ግን ስሠራ እያየሁት ስውል አይሰለቸኝም።» ከመስኮቱ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «ዋናው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ይኼ የታተመ ኮፒው ነው። ሰዓሊው ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን እየዞረ ቀለሙን ያፈሰው፣ ይረጨው ነበር ይባላል።»

«እናቱ ዝም አለችው?»

ሴትየዋ እስክታለቅስ ሳቀች። በረኪናም ሳታስበው ከንፈሯ ፈታ አለ። ከዚያ ሥዕሉን አየችው። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር መስመሮች ይወረወራሉ፤ ይጠላለፋሉ፤ በመሃል ቢጫና ሰማያዊ ተረጭቷል። እንዴት ነው ነገሩ! ያ የሆስፒታሉ ጓሮ፣ ንፋስ በተነሣ ቀን ማስጫ ሽቦዎቹ ሁሉ ሲወዛወዙ፣ እርጥብ አንሶላ ፊቷን በጥፊ ሲመታት የነበረው፣ ልክ እንደዚያ ነው። ለሴትየዋ ግን አልነገረቻትም፤ ለምን ብላ ትነግራታለች?

መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። በዚያች ሴት ፊት ዓይኔ ደክሟል ልትል? በደንብ ያየች መስላ ራሷን ነቀነቀችና «ጠቅልዪልኝ» አለች። ዋጋም አልተከራከረችም።

«መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት እማማ። ውሃ ከገባ ወረቀቱን ያበላሽብዎታል።»

በረኪና በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ተመለሰች። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ያጠብኩትን ጨርቅ ብትቀጣጥዪው ይህችን ከተማ ዞሮ ይከድናታል። እኔን ስለ ማጽዳት እንዳታስተምሪኝ» አለችና ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሥዕሉን ወንበር ላይ አስደግፋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሻይዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንደዚያ ደስ ብሏት የተቀመጠችበትን ቀን አታስታውስም። ከላይ ወደ ታች እየሄደች አየችው፤ አንሶላ እንደምትፈትሽ፣ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ። ታች፣ በስተቀኝ ጥግ ስትደርስ ስኒዋ አፏ ላይ ቀረ።

አንዲት ነጠብጣብ አለች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፤ ቀይ፣ ወደ ቡናማ ያደላች። ጥቁሩ የማይደርስበት፣ ቢጫው የማይደርስበት፣ ንጹህ ነጭ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

የማንንም ዓይን ልታታልል ትችላለች፤ የበረኪናን ግን? ዕድሜዋን ያሳለፈችው እንዲህ ካለች ነጠብጣብ ጋር ስትታገል ነው። በማጠቢያ ክፍሉ ሕግ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ጠብታ ከመሃል ላዩ ትልቅ እድፍ ትብሳለች፤ ትልቁን ሁሉም ያየዋልና ያጥበዋል፤ ትንሿ ግን አልፋ ሄዳ በሽተኛው አልጋ ላይ ትጋለጣለች፤ ያን ጊዜ የሚጠራው የአጣቢዋ ስም ነው። ‹ያ ሙጫ ጣቷ!› አለች። ‹ነክታው ነው። ቀለም ነክታ፣ ወይም ጣቷን ቆርጧት፣ አሳርፋበት ነው።›

ይዛው ብትመለስስ? ትመለስና ምን ልትል? «ስገዛው አላየሁትም» ልትል? ያቺ ሴት ደግሞ «አይ እማማ» ብላ እንደ ሕፃን ልታያት? ሞቷን ትመርጣለች።

ተነሥታ በሩን ቆለፈች። ፍሬሙን በፊቱ ደፋችው፤ የጀርባውን ትንንሽ ሚስማሮች በቢላዋ ጫፍ እያነሣች ነቀለች፤ ካርቶኑን አወጣች፤ ወረቀቱን በሁለት እጇ፣ አዲስ የተወለደ እንደሚያነሡ፣ አነሣችው። በረኪናውን በስኒ ማስቀመጫ ላይ በውሃ አቀጠነች። ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቀለለች። አልፈገፈገችም፤ የማይችል ነው የሚፈገፍገው። ነካ አደረገች፣ ጠበቀች፣ በደረቅ ጥጥ መጠጠች፤ እንደገና ነካ አደረገች። ቀይዋ መጀመሪያ ሮዝ ሆነች፤ ከዚያ ቢጫ፤ ከዚያ የለችም። ወረቀቱ እንኳን አልተሸበሸበም።

«ይኸው!» አለች ለባዶው ቤት። «እጄ አሁንም አለ።»

ሚስማሮቹን መልሳ መታች፤ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው።

ሰው ሁሉ ልጇ ቤት የተሰበሰበው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማቀዝቀዣው ተተክሏል፤ መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ጎረቤቱም መጥረጊያውን በር ላይ አንጥፎ ማን እንደሚረግጠው ይጠብቃል። በረኪና ታክሲ ነጂውን ዕቃውን አሸክማ ስትገባ ወሬው ሁሉ ቆመ።

«እማዬ ምንድነው ይኼ? አታምጪ ብለንሽ አልነበር?» አለች ታላቂቱ።

«አንቺ ብለሻል። እኔ አልሰማሁም። ግለጡት።»

ልጇ ወረቀቱን ቀደደው። ምራቷ ኩሽና ሆና ስኒ ታጥብ ነበር፤ እጇን እያደረቀች ብቅ አለች፤ ሥዕሉንም ስታይ ፎጣውን መሬት ጣለችው።

«እማዬ!» አለች። «እንዴት አወቁ? ለማንም እኮ አልተናገርኩም! ለእሱ እንኳን አልነገርኩትም!»

«ለእኔ አንገትሽ ነገረኝ» አለች በረኪና። ያች ዝምተኛ ልጅ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በረኪና በምራቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ታላቂቱን ልጇን አየቻት። ማቀዝቀዣ! ይህን ያህል ያስለቀሰ ማቀዝቀዣ ካለ ይምጣ።

ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሁሉም ራቅ ብለው አዩ፤ አክስቲቱ «ምንድነው ግን?» ብላ ጠየቀች፤ በረኪና «ብዙ ሰው አይገባውም» አለቻት። ምራቷ ግን ቀረብ አለች። ጎንበስ ብላ ታችኛውን ጥግ በጣቷ ፈለገች። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች።

«ቀይዋስ?»

«የቷ ቀይ?» አለ ባሏ።

«እዚህ ጋ አንዲት ቀይ ነበረች። ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ በዚያ ነው የማልፈው፣ እሷን ሳላይ አልሄድም። ሌላው ሁሉ ሲሯሯጥ እሷ ብቻ ጥጓን ይዛ የተቀመጠች ትመስለኝ ነበር። እሷን ነበር እኮ የምወደው።» ከዚያ የራሷ ድምፅ ያስደነገጣት ይመስል «ምንም አይደለም፣ በጣም ያምራል እማዬ» አለች።

ምንም አይደለም! ያ «ምንም» እንደገና መጣ። በረኪና ወለሉ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ክፉ ዓይን አልነበረም፤ መልስ የሚጠብቅ ዓይን ነው እንጂ። በዚያች ቅጽበት «እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አፏ ግን ከልቧ ቀደመ።

«እኔ የምን ቀይ አውቃለሁ? የሰጠችኝ ይህንን ነው! አሮጊት አይታ የተበላሸውን ጠቅልላ ሰጠችኝ እንጂ!»

አሮጊት። ሌላ ሰው ቢላት ጥርሱን የምታረግፍበትን ቃል በገዛ አፏ ጠርታ ተከለለችበት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጇ ፊቱ ተለዋወጠ። ልጁ ደግ ነው፤ ነገር ግን በእናቱ ለመጣበት እንደ ክብሪት ነው። ሥዕሉን አውርዶ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የስልክ ቁጥር አየና ደወለ። በረኪና «ተው፣ እሁድ ነው፣ ተዋት» ብትለው አልሰማም። «አንቺ ሴትዮ፣ እናቴን ምን አድርገሽ ነው ያየሻት? መጻፍና ማንበብ አትችልም ብለሽ ነው? ሽማግሌ ማታለል ሥራ ሆኖ ነው?» እያለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አወረደባት፤ አድራሻውንም ነግሮ ደህናውን ይዛ እንድትመጣ አዘዛት። ከወዲያ በኩል የሚሰማው ድምፅ ቀጭን ነበር። በረኪና ሳሎኑ መሃል ቆማ እያንዳንዱን ቃል ቆጠረችው፤ እያንዳንዱ ቃል የሚገባው ለእሷ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ፍሬም ሠሪዋ ራሷ ናት። ብብቷ ውስጥ ሌላ ኮፒ ይዛለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ አለ፤ ዛሬ እንኳን እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ናት።

«የቱ ነው?» አለች።

ልጁ ሥዕሉን ሰጣት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ጥጉን አየች፤ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፤ አፍንጫዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ተነሣና በረኪና ላይ አረፈ። ሻርፕ ውስጥ የተደበቀውን እጅ አየች። በረኪና ‹በይ፣ አሁን ተናገሪ› ስትል በልቧ ጠበቀቻት። ነግሬያቸው ነበር ትበል። አልሰማ ብለው ሰድበውኝ ወጡ ትበል።

«ልክ ናቸው» አለች ፍሬም ሠሪዋ ለልጁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላይ የተበላሸውን አውጥቼባቸው ነው። ይኸው ደህናውን ይዤ መጥቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ወደፊት ሽማግሌ ሲመጣብሽ ዓይንሽን ገልጠሽ ሽጪ» አላት ልጁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጎረቤቱም ደጁ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«እሺ» አለች። ያወረዱትን ሥዕል በብብቷ ይዛ ወደ በሩ ዞረች።

በረኪናን በሕይወቷ ብዙ ሰው ሰድቧታል፤ ሁሉንም ችላዋለች፤ ባልቻለችም ጊዜ መልሳለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ደርሶባት አያውቅም። ያቺ ሴት ውሸቷን አይታለች፤ አይታም እንደ ተሰባሪ ዕቃ ቀስ ብላ አንሥታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

«ቁሚ!» አለች።

ሁሉም ደነገጡ። ፍሬም ሠሪዋ ደፉ ላይ ቆመች።

«ቀይዋን ያስለቀቅኋት እኔ ነኝ» አለች በረኪና። «በበረኪና። እድፍ መስሎኝ ከፍሬሙ አውጥቼ በጥጥ አጠብኳት። ይህች ሴት ምንም አላጠፋችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ታላቂቱ ልጇ ፍርስ ብላ ሳቀች። «ወይኔ እማዬ! ሥዕል አጠብሽ? ለዚህ ነው ይህን ያህል የተጨነቅሽው? አርጅተሻል እኮ፣ ማን ይፈርድብሻል!»

«እጇ አልችል ብሏት ነው፤ ልማድ ነው» አለች አክስቲቱ።

ምራቷ ወንበር ሳበችላት። ልጇ ለፍሬም ሠሪዋ፣ በስልክ ከጮኸበት ድምፅ እጅግ ባነሰ ድምፅ፣ «በቃ ይቅርታ እህቴ፣ ያው አሮጊት ናት፣ አትቀየሚን» አላት። ፍሬም ሠሪዋም መለስ ብላ የበረኪናን ክንድ ዳበሰች። «ኧረ ምንም አይደለም፤ አይጨነቁ እማማ» አለች።

ወንበሩ ቅርብ ነበር። ቁጭ ብትል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር፤ ሻይ ይቀዳል፤ የታጠበው ሥዕል ለቤተሰቡ ዓመታት የሚያስቅ ወሬ ይሆናል፤ እሷም እያሳቀች ትኖራለች። ይቅር ባዩ በዛ፤ እንደ ሰው ቆጥሮ የሚቆጣት ግን አንድ ጠፋ።

«እጅሽን አንሺልኝ» አለች በረኪና። ሴትየዋ እጇን አነሣች። «ልጄ የሰደበሽ በእኔ ነው፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ። ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ያጠብኩትን አውቄ አጠብኩ፤ የዋሸሁትንም አውቄ ዋሸሁ። ስለዚህ ተቆጪኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ፣ በሩ እንደተከፈተ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ደግሞ እማማ እያልሽ እንዳታባብዪኝ።»